ባዶዋን ያልለኳት ሽማግሌ

ልብስ አጣቢዋ በአምስት ወር ውስጥ የቫኗን የፊት ጎማዎች ሁለት ጊዜ ቀየረች። የውስጥ ጠርዛቸው አይጥ እንደበላው ሳሙና ተሸራርፎ ነበር። ሁለት ጋራዦች አላይመንቷን፣ ማለት የጎማዎቿን አቋም፣ በኮምፒውተር አስተካክለው «ልኳ ይኸው» ብለው ወረቀት ሰጥተዋታል። ወንድሟ ግን ለቫኗ ገዢ አግኝቷል።

«አሮጌ መኪናና ክፉ አማት ሳይበሉ አያድሩም» አላት። «አሁንም ጎማ ከበላች ትሸጣለች።»

ቫኗ ከተሸጠች ልብስ ማጠቢያ ቤቱም እንደሚዘጋ ሁለቱም ያውቁታል።

ሦስተኛው ጋራዥ የአንድ ሽማግሌ ነበር። መሣሪያ ሳያነሱ «ምን ትጭኚባታለሽ?» ሲሉ ጠየቋት።

«የክሊኒክ አንሶላ፣ ጋሼ። ንጹሑን አደርሳለሁ፣ ቆሻሻውን ይዤ እመለሳለሁ።»

«ባዶዋን የምትነጂያትስ መቼ ነው?»

አሰበች። «እንጃ። የለም መሰለኝ።»

«ታዲያ ምነው ባዶዋን አመጣሽልኝ፣ እህት ዓለም? ሲያምሽ ቀሚስሽን ወደ ሐኪም ልከሽ አንቺ ቤት ትቀሪያለሽ?»

ሄዳ እንደ ሥራ ቀን ጭና ተመለሰች። ሽማግሌው የጎማዎቹን አየር እኩል አደረጉና እሷንም መሪው ላይ አስቀመጧት። «አንቺም ጭነት ነሽ፤ አትቀየሚኝ።» ከዚያ ተንበርክከው ከጎማው መሃል ከበላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ድረስ ያለውን ቁመት በሜትር ለኩ። ቫኗን እየወዘወዙ ደገሙት። ቁጥሩ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት እስኪመጣ ድረስ ምንም አልጻፉም።

እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው የፋብሪካውን መጽሐፍ ገለጡ። ለዚህች ቫን የተጻፈው የአላይመንት ልክ እንደ ቁመቷ የሚለያይ፣ ዘጠኝ መስመር ነበር። የሌሎቹ ጋራዦች ወረቀት ላይ ያለው የመጀመሪያው መስመር፣ የአዲስና የባዶ ቫን ልክ ነው። ጣታቸውን ከለኩት ቁመት ጋር እስከሚገጥመው ሰባተኛ መስመር አወረዱ።

«ሞላዋ በዕድሜ ረግቧል። ያለችበትን ቁመት ተቀብሎ ማቃናት ነው፤ ልጅነቷን ማን ይመልስላታል?»

የጎማ ማስተካከያውን ቡሎን በጥቂቱ ያዞራሉ፣ ይለካሉ፣ ደግሞ ይመለሳሉ። ልብስ አጣቢዋ አራቱ ጥጎች ካልገጠሙ አንሶላን ፈትታ እንደገና የምታጥፍ ሴት ናት። እንዲህ ያለ እጅ ስታይ አይጠፋትም። እስኪጨርሱ ድረስ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ ተመለከተቻቸው።

በወሩ ወንድሟ መጥቶ ከቫኗ ሥር ተጋደመና የጎማዎቹን የውስጥ ጠርዝ በመዳፉ ዳሰሰ፤ አልተሸራረፈም። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«ገዢውን ምን ልበለው?»

«ሌላ ይፈልግ በለው» አለች፤ የኋላውን በር ከፈተች። «በል ያንን ቋጠሮ አቀብለኝ፤ ክሊኒኮቹ እየጠበቁኝ ነው።»