ሆድ ነክታ የገባችው ኳስ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ አረፍ ብላችሁ ስሙኝ። ወሬዬን የምጀምረው ኳሷ ከዳቦ ጋጋሪው ሆድ ነጥራ መረቡ ውስጥ ከተቀመጠችበት ቅጽበት ነው።

የመታት ቀለም ቀቢው እጆቹን ዘርግቶ እንደ ሕፃን ይሮጣል። አይፈረድበትም፤ ለሰፈሩ ቡድን አሥራ አንድ ዓመት ሲጫወት አንድም ጎል አግብቶ አያውቅም። ጉልበቱ እምቢ ስላለው ደግሞ ይህ ጨዋታ የመጨረሻው ነበር።

ጎል የምትመዘግበው ሚስቱ ነበረች፤ ልብስ ሰፊዋ። ከመስመሩ ዳር ተቀምጣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ሕጓ አይጠመዘዝም፤ ወደ ጎል የምትሄድ ኳስ ተከላካይ ነክታ ብትገባ የመቺው ናት፤ ወደ ውጭ የምትሄደውን ነክቶ ካስገባት ግን ተከላካዩ በራሱ ላይ አገባ ይባላል። በራሱ ላይ ያገባ ሰው የሁለቱንም ቡድን ማሊያ ያጥባል። የገዛ ወንድሟን እንኳ ሁለት ጊዜ አሳጥባዋለች።

የተቃራኒው ቡድን ተከላካይ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ እያለከለከ መጣ።

"እህቴ፣ የባልሽ ናት! ቀጥ ብላ ስትገባ ሆዴ መንገድ ላይ አገኛት እንጂ እኔ ምን አደረግሁ?"

"ሆድህ መንገዱን በሙሉ ዘግቶት ነበር እኮ!" አለ አንዱ ከኋላ። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ።

"ጻፊለት! ጻፊለት!" ሁለቱም ቡድን ጮኸ።

እሷ ግን አይታለች። ኳሷ ሆዱን ከመንካቷ በፊት ከጎሉ ቋሚ ሁለት ክንድ ርቃ ወደ ውጭ እየሄደች ነበር። ባሏን ቀና ብላ አየችው፤ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። ቤት ውስጥ ካልሲ ጠቅልሎ በሁለት ወንበር መሃል ሲመታ ስንት ጊዜ አይታዋለች! እስክሪብቶው ከበዳት።

"አንተ ሰውዬ፣" አለችው ቀስ ብላ፣ "ወደ ጎል ነው የመታሃት?"

ቀለም ቀቢው ጓደኞቹን አየ፣ ደብተሩን አየ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን አከከ።

"ኧረ... አሻምቼ ነበር። ያውም ተበላሽታብኝ።"

"ምነው ወንድሜ!" ዳቦ ጋጋሪው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "ሃያ ሁለት ማሊያ እኮ ነው!"

"ግማሹን እኔ አጥባለሁ። ከኔ እግር አይደል የመጣችብህ?"

ዳቦ ጋጋሪው እየሳቀ አቅፎ ከመሬት አነሳው። ያኔ ለቀለም ቀቢው የተጨበጨበለት ጭብጨባ ጎል ላገባ ሰውም ተጨብጭቦ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ "ዳቦ ጋጋሪው፣ በራሱ ላይ" ብላ ጻፈችና ደብተሯን ዘጋች። ሁለቱ ሰዎች የማሊያውን ክምር ሲካፈሉ ግን ተነስታ መጣች፤ ጭቃ የጠጣችውን የባሏን ዘጠኝ ቁጥር መዝዛ ብብቷ ሥር ሸጎጠቻት።

"ይቺን እኔ ነኝ የማጥባት፣" አለች።

እናንተም ልጆቼ፣ ኳስ ሰው ነክታ ስትገባ ባያችሁ ጊዜ፣ እባካችሁ ያንን ቀለም ቀቢ አስታውሱልኝ።