ቀትር ላይ የሚዋሽ ሣጥን

«ጫት ቀጥሎ ባለው በር ነው!» አለ ሬዲዮ ጠጋኙ በእምነት፣ ከምንጣፉ ሳይነሳ። የቡላኦስ ሰፈር ሱቁን ሁሉ ዘግቶ በሚያሸልብበት በቀትር ሰዓት የበእምነትን በር የሚደበድብ ሰው፣ የሳብሪንን ጫት ፈልጎ ከመሳሳት በቀር ሌላ ጉዳይ ኖሮት አያውቅም።

በሩ አሁንም ተደበደበ።

«ሳብሪን ጋ ሂድ አልኩህ እኮ! እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ!»

«ምነው ጠጋኝ በሆንክ!» አለ የሴት ድምፅ ከውጭ። «አንተ በእምነት፣ ተነስ! ሣጥንህ ደግሞ መቀባጠር ጀምሯል።»

ከመንገዱ ማዶ ቅቤና አይብ የሚያከፋፍሉት እትዬ የውብዳር ናቸው። በሩን እየከፈቱ እጃቸውን ወደ ውስጥ መስደድ እንዲተዉ ብሎ፣ በእምነት የቀዝቃዛ ክፍላቸውን ዲግሪ በቀይ ቁጥር የሚያሳይ ሣጥን ሠርቶ ውጪው ግድግዳ ላይ ሰቅሎላቸዋል። ሣጥኑ ጠዋት ጠዋት አራት፣ አራት እያለ በጨዋነት ያረፍዳል። ቀትር ላይ ያብዳል። በእምነት ደግሞ አቤቱታውን ሰምቶ የሚሄደው ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ፀሐይዋ ስትዞር ነው፤ ያኔ ሣጥኑ እንደ ዲያቆን ጭምት ብሎ ይጠብቀዋል። አንዴማ «መነጽርዎን ይመርመሩት» ብሏቸዋል። አልረሱለትም።

«የፋሲካ ቅቤ ነው ያለው ውስጥ» አሉት መንገዱን ሲሻገሩ። «ቁጥሩ ሲያብድ እደነግጣለሁ፣ ስደነግጥ እከፍታለሁ፣ ስከፍት ይሞቃል። ዛሬ ካላስተካከልከው ነቅዬ አንተኑ እመታበታለሁ።»

ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ሣጥኑ ሰማንያ ሰባት አለ፣ ከዚያ ዜሮ፣ ከዚያ ቁጥርም ፊደልም ያልሆነ ጭረት። በእምነት ነካ አድርጎት እጁን ሰበሰበ፤ ምጣድ ሆኗል። እንቅልፉ ያን ጊዜ ለቀቀው።

«እትዬ፣ ዕቃው ሁለት ነው። አንዱ ውስጥ ሆኖ ብርዱን ይለካና በሽቦ ይልካል፤ ይኼኛው እየሰማ ይጽፋል።»

«ታዲያ ደንቁሯል?»

«አልደነቆረም። እርስዎ ሰንበት ሰንበት ከበሮ ይመታሉ አይደል? ሁለት መቺዎች ግድግዳ ለይቷቸው፣ አንዴ አብረው ጀምረው፣ ከዚያ ሳይደማመጡ እኩል እንምታ ቢሉስ?»

«መጀመሪያው ላይ ይገጥማሉ። እየቆዩ ይለያያሉ።»

«በቃ እሱ ነው! እያንዳንዷ ቁጥር በአሥር ምት ነው የምትመጣው። ይኼ የመጀመሪያዋን ሰምቶ ይነቃል፤ የቀሩትን በራሱ ሰዓት እየቆጠረ ይቀበላል። መጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ግማሽ ምት ያህል ከተዛነፈ፣ የጎረቤቷን ምት የሷ አድርጎ ይጽፋል። ያኛው ሰዓቱ በብርድ ተዛብቷል፣ የዚህኛው በፀሐይ።»

«ስትሞክራቸውስ ምን ይሉ ነበር?»

«ይግባቡ ነበር...» በእምነት ጆሮውን አከከ። «አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ቬንቲላተር እያራገባቸው ነበሩ።»

«እንደ ሙሽሮች!»

ላፕቶፑን አምጥቶ ባዶ ካርቶን ላይ ዘረጋ። የላኪውንም የተቀባዩንም ትእዛዝ መለወጥ ስላለበት ረጅም ገመድ ወደ ክፍሉ አስገባ፤ በሩ ገመዱን እንዳይጨፈልቀው ነጠላ ጫማውን አውልቆ ወሸቀበት። መጀመሪያ ምቱን አዘገመው። ሣጥኑ ዝግ ብሎ አበደ። ለካ ምቱ ሲረዝም መዛነፉም አብሮት ይረዝማል።

ሳብሪን ጫቷን ሸጣ ጨርሳ ብቅ አለች። «እኔ ጫቴን በእርጥብ ጆንያ ነው የምሸፍነው» አለች። «ጆንያ ቁጥር አይሳሳትም፣ ዋላሂ።»

በእምነት ላፕቶፑ ላይ እንደተደፋ ቀረ። ላብ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። አሁን ላኪው ቁጥሩን ከመናገሩ በፊት ጥቂት እኩል ምቶች እንዲመታ አዘዘው፤ ተቀባዩም እነዚያን ለክቶ የራሱን ሰዓት በነሱ እንዲያስተካክል።

«መሪውን ሳያዳምጥ አይቀበልም ማለት ነው?» አሉ እትዬ የውብዳር።

«እንዲያ ነው።»

«ይሄን እስክታስብ ነው ቅቤዬ የተንገላታው?»

ሣጥኑ ጠፋና በራ። ሃያ ዘጠኝ አለ። ጠበቁት። ፀሐይዋ ፊት ለፊት እየገረፈችው ሃያ ዘጠኝ ላይ ጸና፤ ጭረት የለ፣ ዜሮ የለ።

«አዩት እትዬ? በጠራራ ፀሐይ!» በእምነት ቀና ብሎ ወገቡን ያዘ። ደስታው የአዲስ አባት ደስታ ነበር።

እትዬ የውብዳር ቁጥሩን አዩ። ገመዱን አዩ። በሩ ሥር ተወሽቆ ሙሉ ቀትሩን ብርዱን ሲያስወጣ የዋለውን ነጠላ ጫማ አዩ። ገቡና አንዱን ቅቤ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ጣታቸው ሰተት ብሎ ሰመጠ።

በእምነት ጫማውን ነጥቆ በሩን ዘጋ። «እንግዲህ... ሣጥኑ እውነቱን ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከእንግዲህ አይዋሽም።»

እትዬ የውብዳር ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ሲዋሽስ ቅቤዬ ጠንካራ ነበር።»