የጋሽ ወርዶፋ ሩብ ዙር

3.

ቅጭ።


1.

ይቅርታ፣ ከሦስት መጀመር አልነበረብኝም። ድምፁ ግን ቀድሞ መጣ። ለይርዳውም ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣለት እሱ ነው፤ ፊቱን ሲታጠብ፣ ዳቦ ሲቆርስ፣ አጠገቡ ያለ ሰው ጣቱን ሲያንቋቋ። እንግዲህ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከጥላ ዛፎቹ ጀርባ አንድ ጋራዥ አለ። ባለቤቱ ጋሽ ወርዶፋ ናቸው፤ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው፣ ግማሹን ዕድሜያቸውን መኪና ሥር ተኝተው ያሳለፉ። ይርዳው አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ እዚያ ገብቶ መካኒክ ከሆነ ስምንት ዓመቱ ነው። ዝምተኛ ነው። ዝም ሲል ግን ቦታው ላይ የለም፤ በሐሳቡ ሁልጊዜ የሆነ አገር እየሄደ ነው።

መኪናዋ የእትዬ ሶስና ናት። ቀይ፣ ሁለት በር፣ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ውድድር የሮጡባት። የዘይት ራዲያተሯ አርጅቶ ማንባት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። በድሬ ሙቀት ዘይቷ ካልቀዘቀዘ ያቺ መኪና ከገበያ ወዲያ አትሄድም። እትዬ ሶስና ደግሞ ገበያ መች አማራቸው? ያማራቸው ደንገጎ ነው። ያንን ጠመዝማዛ ዳገት በገዛ እጃቸው ነድተው ሐረር መግባት፤ አንዴ፣ ዐይናቸው ሳይደክም። አዲሱን ራዲያተር የእህታቸው ልጅ ከጀርመን በሹራብ ጠቅልሎ በሻንጣው አመጣላቸው። ያለው እሱ ብቻ ነው።


2. የዘይት ራዲያተር አቀያየር

ዘይቱን አውርድ።

የፊት ቀኝ ጎማውን ፍታ። ራዲያተሩ እዚያ ውስጥ ተደብቆ ታገኘዋለህ።

ብሎኖቹን ከዋዜማው ናፍጣ አጠጣቸው። ሃምሳ ዓመት የተቀመጠ ብሎን በጉልበት አይነሳም፤ በልመና እንጂ።

አሮጌውን አውርድ። አትሳደብ።

አዲሱን ስቀል፣ ቱቦውን ግጠም። ስታጠብቅ በሁለት ቁልፍ ነው፦ አንደኛው የራዲያተሩን አንገት ይይዛል፣ ሌላኛው ያጠብቃል። አንገቱ አልሙኒየም ነው። በአንድ ቁልፍ ከታገልከው አብሮ ይጠመዘዛል።

ሁለት ቁልፍ።

ሁለት።


4.

(ይህ ቁጥር ለጊዜው ባዶ ነው። ይርዳው እንዲጻፍ አልፈለገም።)


5.

በዚያ ጋራዥ አንድ ልማድ አለ። ሥራውን ማንም ይሥራው ማን፣ የመጨረሻዋን ማጥበቅ የሚያጠብቁት ጋሽ ወርዶፋ ናቸው። ቁልፉን ተቀብለው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ትንሽ ነካ ያደርጉና መኪናዋን “በይ፣ በሰላም ግቢ” ይሏታል። ሩብ ዙር ነው ስሟ። ብሎኑ እንዳይላላ ነው? ምርቃት ነው? ሁለቱንም የሚል አለ። የድሬ ሾፌር ግን “ሩብ ዙሯን አገኘች ወይ?” ብሎ ሳይጠይቅ መኪናውን አያስነሳም።


6. የተባባሉት

ጋሽ ወርዶፋ፦ ጨረስክ?

ይርዳው፦ ጨረስኩ ጋሼ።

ጋሽ ወርዶፋ፦ አቦ፣ ላብህን እየው! ራዲያተሩ የሚያስፈልገው ላንተ ነበር።

ይርዳው፦ ሙቀቱ ነው።

ጋሽ ወርዶፋ፦ በል፣ ቁልፉን ወዲህ በል።

ይርዳው፦ ጋሼ… ዛሬ እንኳ ይቅርብዎ። ጠብቋል።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ሠላሳ ዓመት ያልቀረ ዛሬ ይቅር? አምጣ ባክህ።

(ይርዳው ቁልፉን አቀበላቸው። በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ጨዋ ልጅ።)


7.

ነካ አደረጉት። መረቁ። ሞተሩ ተነሳ።

ዘይቱ ከራዲያተሩ አንገት ሥር ተፈናጥሮ ደረታቸውን፣ አገጫቸውን፣ ሽርጣቸውን አለበሳቸው። ይርዳው ሮጦ አጠፋው። አንገቱ ዙሪያውን ተሰንጥቋል።

ጋሽ ወርዶፋ መኪናዋን አላዩም። ያዩት እጃቸውን ነው። መጀመሪያ መዳፋቸውን፣ ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን።

“ሰበርኩት” አሉ።


4.

እሺ፣ ይጻፍ ብሏል።

ቱቦውን እያጠበቀ ደንገጎ ላይ ነበር። በሐሳቡ። መሪውን እሱ ይዞታል፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ከታች ከተማዋ ጭጋግ ውስጥ ትታየዋለች፣ የመንገዱ ልጆች “ይርዳው! ይርዳው!” እያሉ ይሮጡለታል። ስሙን ከየት ያውቁታል? በሐሳቡ ያውቁታል። ሁለተኛው ቁልፍ ጉልበቱ ሥር ነበር። እጁን ለመዘርጋት ከደንገጎ መውረድ ነበረበት፤ አልወረደም። ባንዱ ብቻ ታገለው።

ብርሃን ላይ አየው። አንገቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፤ መካኒክ የሆነ ሁሉ አንድ ነገር ሰብሯል። ይርዳው ግን ቀጥሎ ጣቱን ግሪስ ውስጥ ነከረ፣ መስመሯን ቀባት፣ በጨርቅ አሳምሮ ወለወላት። ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው። ስምንት ዓመት የተማረውን ጥንቃቄ ሁሉ ያዋለው እዚያ ላይ ነው።


8. ለራሱ የነገረው

ዕቃው ከፋብሪካው ችግር ነበረበት ይሆናል።

ሙቀት ያሰፋዋል።

ማታ ቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

ነገ ጠዋት።

እሳቸው እንደሆኑ ማንም አይቆጣቸውም።

(የመጨረሻዋን ሲያስብ ብቻውን ሆኖ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።)


9.

በማግስቱ ጋሽ ወርዶፋ የሥራ ልብሳቸውን ሳይለብሱ መጡ። የመሣሪያ ሣጥናቸውን ጎትተው ይርዳው ፊት አስቀመጡት።

“አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለሰው አታውራ” አሉት። “ትናንት እጄ ሲነካው ቀድሞ የተሰበረ መሰለኝ። እምልልሃለሁ፣ ገና ሳላጠብቀው እሺ አለኝ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። አንተ በደንብ ነው የገጠምከው፤ አውቅሃለሁ። ታዲያ እጄ እየዋሸኝ ነው ማለት ነው። የሚዋሽ እጅ ይዞ የሰው መኪና ይነካል? ያንድ ቤተሰብ ደም በእጄ ይሁን?”

“ጋሼ—”

“ተወው። ያረጀ ዕቃ ይቀየራል። ከዛሬ ወዲያ ሩብ ዙሯ ያንተ ናት። እንካ።”

ቁልፉን ዘረጉለት።

እዚህ ላይ እኔም ብዕሬን አቁሜ ጠብቄዋለሁ። ይናገራል ብዬ።

ተቀበለ።


10. ቅዳሜ ጠዋት፣ የተባባሉት

እትዬ ሶስና፦ (የመንጃ ጓንታቸውን አድርገው) እህሳ! ልጄ አገገመች?

ጋሽ ወርዶፋ፦ ሰበርኩብሽ፣ ሶስና።

እትዬ ሶስና፦ ምኑን?

ጋሽ ወርዶፋ፦ አዲሱን። በገዛ እጄ።

እትዬ ሶስና፦ አቦ ተው! ባሌ እንኳ ከኔ ይልቅ የሚያምነው ያንተን እጅ ነበር።

ጋሽ ወርዶፋ፦ አርጅቷል። ሥራ ትቻለሁ። ከእንግዲህ ይርዳውን እመኚ።

(እትዬ ሶስና ጓንታቸውን ጣት በጣት አወለቁ። ዞሩ።)

እትዬ ሶስና፦ አንተ ልጅ፣ ቀና በል እስቲ። አጠገቡ ነበርክ አይደል?

ይርዳው፦ ነበርኩ።

እትዬ ሶስና፦ ይኼ ሰውዬ የሚለው እውነት ነው?

ጋሽ ወርዶፋ፦ ልጁን አታስጨንቂው።

እትዬ ሶስና፦ እሱን ነው የጠየቅኩት።

ይርዳው፦ (ቁልፉን በሁለት እጁ ለጋሽ ወርዶፋ እየመለሰ) አይደለም፣ እትዬ፤ እኔ ነኝ የሰበርኩት።