አባዬ እንዳይነሳ

አባዬ ሰው ሲገባ ተቀምጦ አያውቅም። ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሳል፣ ትንሽ ሰው ሲገባም ይነሳል። ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ሲመጣ ራሱ «ኖር» ብሎ ብድግ ነው። ይኼ ጨዋነቱ ታዲያ ኦፕራሲዮን ሊያስገባው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ መምህር እንደሻው ግራ እግሩ ከታፋው እስከ ተረከዙ እየደነዘዘ ሰባት ወር ሞላው። አንድ ሐኪም፣ ነርቩ ታፋው ላይ ባለው የድሮ ቁስል ጠባሳ ስር ተጣብቆ ይሆናል፣ አዲስ አበባ ሄዶ ይከፈት አለ። እኔ ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤያለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔና አባዬ ብቻ ነን። እሱ ከተኛ አስታማሚው እኔ ነኝ፣ ጅማም ቀረ ማለት ነው።

ደግነቱ እዚሁ እኛ ጋ፣ ከግንቡ ውጪ አዲሱ ከተማ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ማህሌት ተቀጠረች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፣ ድሮ ጂኦግራፊ ያስተማራት አባዬ ነው። እግር ሲታጠፍ ነርቩ እንደ ገመድ ወዲያ ወዲህ መንሸራተት አለበት አለችን። እሷ በአልትራሳውንድ ቀርጻ ትለካዋለች። ከተንሸራተተ ስፖርት ይበቃዋል፣ ካልተንሸራተተ አዲስ አበባ። ሕመሙ ሲቀመጥ ስለሚብስበት የምትለካው ተቀምጦ ነው። እግሩን የምታንቀሳቅሰው እሷ፣ የእሱ ሥራ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ።

ዝም ብሎ መቀመጥ፣ አባዬ።

ክፍሉ ወደ ካርድ ክፍል መተላለፊያ ነው፣ በሩም መጋረጃ ነው። ገና ጄሉን ቀብታ መሣሪያውን ታፋው ስር እንዳስጠጋች ነርሷ ገባች። «ኖር» አለ፣ ብድግ። ስክሪኑ ላይ የነበረው ነጭ ገመድ ጠፋ። እንደገና ተጀመረ፣ አንድ ታካሚ አለፈ፣ ብድግ። ጽዳት የምትሠራዋ ኸዲጃ ባልዲዋን ይዛ ስትገባማ ከነጄሉ ቆሞ ጠበቃት።

«አልትራሳውንድ ነው እንዴ ጋሼ?» አለችው። «ስንተኛ ወርዎ ነው?»

እኛ ሳቅን፣ ማህሌት ግን አልሳቀችም። እንዳይነሳ ልትነግረው ትሞክራለች፣ አስተማሪዋ ስለሆነ ግን ድምፅዋ አይወጣም። እሱም እሺ ልጄ ይላል፣ ሰው ሲገባ ይረሳዋል። ማሽኑ ደግሞ የተውሶ ነው፣ ነገ ከሰዓት ይመለሳል።

ቤት ስንገባ ለመንኩት። ሰው ገብቶ ቁጭ ብዬ ላየው ነው ወይ ብሎ ተቆጣኝ። እኔ ወሬ አበዛለሁ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። እሱን የሚያዘው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያሳደጉት ጎረቤታችን እማማ ወለተሥላሴ። በማግስቱ ጠዋት እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ደግፌ ወሰድኳቸው፣ ከዚያ በባጃጅ ወደ ክሊኒኩ። መንገዱን ሙሉ ስለ ነርቭ አስረዳኋቸው።

ሲገቡ፣ ቀድሞን የደረሰው አባዬ ያው ተነሳ። ፊት ለፊቱ ተቀመጡና በቀስታ፣ «እንደሻው» አሉት። «ይቺ ልጅ ጨርሻለሁ እስክትል ብትነሳ፣ እኔን አፈር ያድርገኝ።»

አባዬ ተቀመጠ። ነርሷ አለፈች፤ አፉ «ኖር» አለ፣ ወገቡ ንቅንቅ አላለም። ኸዲጃ ሆን ብላ ይመስለኛል ከነባልዲዋ ሁለቴ ተመላለሰች። ላብ አጠመቀው፣ እማማን አየ፣ አልተነሳም። ማህሌት እግሩን ወደ ላይ አጠፈችው፣ መለሰችው። ስክሪኑ ላይ ነጩ ገመድ በጡንቻው መሃል ሽር አለ፣ ተመለሰ። እኔ እንኳን አየሁት።

ሦስት ጊዜ ለካች፣ ሦስቱም ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ። ቀኝ እግሩንም ለካች፣ ያው ነው።

«ቲቸር፣ አልተጣበቀም» አለች፣ ድምፅዋ ያኔ ገና ወጣ። «ቢላ አያስፈልግዎትም።»

እኔ በሐሳቤ ሻንጣ እያሸግኩ ነው። አባዬ ግን እንደተቀመጠ እማማን ያያል።

«ጨርሳለች» አሉት። «በል ተነስ።»

ተነሳ። የሱሪውን እግር እንኳን ሳያወርድ ኮሪደር ወጥቶ ኸዲጃን ፈለጋት። ቅድም ሳልነሳልሽ ቀረሁ ብሎ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት።

«ሁለቴ ነበር የገባሁት» አለችው።

አባዬ ደግሞ ጎንበስ አለላት።