የኢንጂነሩ በረዶ

ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» የሚለው ለፌዝ ነው፤ እሱ ግን ማዕረግ መስሎት ደረቱን ይነፋል። ጡረታ እስኪወጣ የሠራው መዝገብ ቤት ነው። ስሙን ያገኘው አንድ ጊዜ የበር ደወል ጠግኖ ሲሆን፣ ደወሉ ከዚያ ወዲህ ሰው ሳይነካው ይጮኻል።

ሚስቱ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና ከሆስፒታል ስትወጣ፣ ሐኪሙ «በቀን ሦስት ጊዜ በረዶ ያዥበት፤ እብጠቱ ካልወረደ እግርሽ እንደ ልብ አይታጠፍም» ብሏታል። በረዶ የሚሠራ ፍሪጅ ደግሞ አላቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ማሽኑ መጀመሪያ የሳሱ ስብርባሪዎች ጣለ፤ በማግስቱ ጨርሶ ጾመ።

«ቅዝቃዜ አንሶት ነው» አለ ኢንጂነሩ፤ ማዞሪያውን እስከ ጥግ ጠመዘዘው። ሲነጋ ቲማቲሙ ድንጋይ ሆነ፣ እንቁላሉ ተሰነጠቀ። በዚያ ፍሪጅ ውስጥ ያልረጋ ነገር ቢኖር በረዶው ብቻ ነበር።

«ሰውዬ፣ በሰሃን ውሃ አስቀምጥልኝና ይርጋልኝ» አለች፣ እግሯን ትራስ ላይ እንደ ሰቀለች።

«ማሽን እያለ በሰሃን? ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው ፍሪጃችን ውስጥ ይኖራል እንዴ?»

ኢንጂነሩ መፍቻውን አነሳ። ማሽኑን ፈትቶ ገጠመው፤ ሦስት ብሎን ተረፈው። በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ ዱባ አከለ። ስልኳን አንስታ ባለሙያ ጠራች።

«እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?»

«ቁጭ ማለትህንማ አይቻለሁ።»

የመጣችው ጠጋኝ ጠና ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። «ፍሪጁን ሰሞኑን አንቀሳቅሳችሁት ነበር?» ስትል ኢንጂነሩ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ለአዲሱ ባለመደገፊያ ወንበሩ ቦታ ፈልጎ ፍሪጁን ግድግዳው ላይ ያጣበቀው እሱ ነበር። ሴትየዋ ፍሪጁን ሳበችው። ቀጭኑ የውሃ ቱቦ ከጀርባው ተቆልምሞ ታንቋል።

«ውሃ ሳይደርሰው ምኑን ያርጋ?» አለች። ቱቦውን አቃናች፣ ማዞሪያውን ወደ ነበረበት መለሰች፣ ፍሪጁን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቀችው።

«እነዚህ ብሎኖችስ?»

«ትርፍ ናቸው» አለ ኢንጂነሩ።

ጠጋኟ ሦስቱንም በየቦታቸው አጠበቀች። «ጥቂት ሰዓት ይፈጃል። የመጀመሪያውን በረዶ አትጠጡት፤ ውሃው ቱቦ ውስጥ የቆየ ነው። ለጉልበት ግን ይሆናል» ብላ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ በረዶው ሣጥኑ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ፣ ሮጦ የደረሰው ኢንጂነሩ ነው። በአንድ እጁ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላ፣ በሌላው ለወንድሙ ደወለ። «ቱቦው ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ አንዲት ሴትዮም አግዛኛለች...»

«ወዲህ አምጣው» አለች ሚስቱ።

በረዶውን ፎጣ ላይ ገለበጠችው፣ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ከዚያ ሁለቱንም መዳፎቹን ጎትታ ከላይ ጫነቻቸው። ስልኩ ሶፋው ላይ ወደቀ።

«ኧረ እጄ ደነዘዘ!»

«እሰይ፤ ገና አሁን ሥራ ያዝክ። ሃያ ደቂቃ ነው፣ እንዳትነቃነቅ።»

ወንድሙ ከሶፋው ላይ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። የሚያነሳለት እጅ ግን አልነበረም።