የሊቁ ጉልበትና የባሌ ክኒን

የባሌን ታላቅ ወንድም ሰፈሩ ሁሉ «ሊቁ» ይለዋል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ብል አልዋሽም። አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ አልልም። ስልኩ ላይ ርዕስ ያነባል፣ ወደ ታች መውረድ ይሰለቸዋል፣ ከዚያ ሰው ሊያስተምር ይነሳል። ባሌ ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ መማሪያ ክፍሉ የእኛ ፀጉር ቤት ነው።

ባሌ ልቡን ታሞ ከተነሳ ወዲህ ማታ ማታ የኮሌስትሮል ክኒን ይውጣል። የምታክመው ሐኪም አንድም ቀን እንዳያቋርጥ አስጠንቅቃዋለች። ታዲያ ሊቁ አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ፣ ያ ክኒን ስብ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፣ የተቆጣ ሰውነት ያበርዳል፣ የበሽታ መከላከያንም አደብ ያስገዛል እያለ ለወረፋ ጠባቂው ሁሉ ሰበከ። የሱ የሊቁ ጉልበት ያብጣልና ክኒኑን ለራሱ ተመኘ። የራሱን ሐኪም ጠይቆ ቢሆን ምን ነበረበት? ሊቅ ሊቅን አይጠይቅም መሰለኝ።

ባሌን ደግሞ ፈጣሪ ለወንድሙ እንቢ የሚል አፍ አልሰጠውም። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገው እሱ ነው፤ ውለታ አለበት፣ እሺ። ግን ምሳ ላደርስ ስገባ ያየሁት ምንድን ነው? ባሌ ፎጣውን ከሊቁ አንገት ፈትቶ፣ ከጋዋኑ ኪስ ክኒኑን አውጥቶ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገለት። ሊቁም እንደ ከረሜላ ዋጥ። የኔው ጅል የራሱን ድርሻ እየሰጠ፣ ማታ ሳይውጥ ይተኛ ኖሯል! ስቆጣው «ጉልበቱ እኮ እየተሻለው ነው» አለኝ። የራሱ ልብ አያነክስ፣ አያብጥ፣ ማን ያየዋል።

አንድ ጠዋት የወንድሙን ግማሽ ፊት እንደላጨ ምላጩ ከእጁ ወደቀ። ጎረቤት ጠርቶኝ ሮጬ ስደርስ ደረቱን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ሊቁም አረፋው ሳይጠረግ አብሮን ሆስፒታል ገባ።

ሐኪሟ ክኒኑን በትክክል ይወስድ እንደሆነ ጠየቀች። ባሌ ጣራውን አየ፤ ሊቁ ጫማውን አየ። እኔ ምን ገዶኝ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እሷም ወደ ሊቁ ዞረች።

«እውነት ነው፣ መቆጣትን ያበርዳል» አለችው። «ሲያበርድ የነበረው ግን የሱን የደም ቧንቧ ነው። ለርስዎ ጉልበት አይታዘዝም።»

ሊቁ በዚያ ግማሽ ፂሙ ወደ እኔ ዞሮ «አላልኩም?» አለ።

የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ሰምቶ! ባሌ እዚያ ተኝቶ ባይሆን ቀሪውን ፂም በጥፍሬ እላጭለት ነበር።

ባሌ ተረፈ። ሐኪሟ ግን ልቡ እንዲህ ያለ ቀን ዳግመኛ እንደማይችል ለብቻዬ ነገረችኝ። ወደ ሥራ በተመለሰበት ዕለት ምሽት ላይ ክኒኑንና ውሃ ይዤ ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። ከእንግዲህ ዓይኔ እያየ ነው የሚውጠው። ሊቁ ቀድሞኝ ኖሮ አረፋ ተቀብቶ ወንበሩ ላይ ተንፈላሷል። ክኒኑን ሲያይ ከጨርቁ ሥር መዳፉን አውጥቶ ዘረጋ። ጉልበቱ እንደባሰበት፣ ክኒኑ አሁን ደግሞ ለሳንባም እንደሚሆን ማንበቡን መተረክ ጀመረ።

ባሌ መዳፉን አየው። ከዚያ ክኒኑን ከእጄ ወስዶ ራሱ ዋጠ፤ ውሃውንም ጭልጥ አድርጎ ጠጣ። ምላጩን አነሳና የወንድሙን አገጭ ቀና አደረገ።

«ጋሼ፣ አፍህን ዝጋ» አለው፤ «ልላጭህ ነው።»

ሊቁ አፉን ዘጋ። መዳፉን ግን ለረጅም ጊዜ አላጠፈውም።