የጃቭሊኗ ጥርስ

እህቴ ኖሊን ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጥርስ ስትሠራ ኖራ፣ ጡረታ በወጣች በወሩ አሮጌ መኪና ገዛች። ለማንም አልነገረችም። እኔ ያወቅሁት አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንቁላል ላደርስላት ብሄድ፣ ከጋራዡ ውስጥ አንድ ጥቁር፣ ሰፊ፣ ወደ ኋላ የተንሸራተተ ቂጥ ብቅ ብሎ ስላየሁ ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ጃቭሊን ናት።»

«ትሄዳለች?»

«ከዊንተን ድረስ እየነዳሁ ነው ያመጣኋት።»

«ሠሪዎቿስ አሉ?»

«የሉም። አንተና እኔ ሳንወለድ ነው ፋብሪካው የተዘጋው።»

«በይ እንግዲህ፣ ሁለት ጡረተኞች ተገናኛችሁ» ብያት እንቁላሉን አስቀምጬ ሄድኩ።

መኪናዋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበረች። ሞተሯ እንደ ድመት ያንኮራፋል። ችግሩ በቀኝ በኩል ያለው የሹፌሩ መስኮት ነበር። መንገዱ ትንሽ ጎርበጥ ሲል መስታወቱ ዷ ብሎ በሩ ውስጥ ይሰምጣል። እኛ ያለንበት ሪቨርተን ደግሞ ዝናቡ ከላይ አይወርድም፤ ከባሕሩ ተነስቶ በጎን ነው የሚመጣው። ኖሊን መስታወቱን በእንጨት ሽብልቅ ወጥራ ትነዳ ጀመር። አንድ ቀን ከኢንቨርካርጊል አብረን ስንመለስ ሽብልቁ ወለቀና በረዶ ወረደብን። ቤት ስንደርስ ቀኝ ጎኗ በስብሶ ግራ ጎኗ ደረቅ ነበር። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ የበሩን ገበር ገነጠለችና ጥፋተኛዋን አገኘቻት። መስታወቱን የምታነሳ፣ ከሳንቲም ብዙም የማትበልጥ፣ ፒኞን የምትባል ባለ ጥርስ ብረት ናት። ሦስት ጥርሷ ተሰብሯል።

«የዕድሜ ልክ ሥራሽ ተከትሎሽ መጣ» አልኳት።

«ዝም በልና መብራቱን ያዝልኝ።»

የግራው በር መፍትሔ ይሆናል ብለን ነበር። ስንከፍተው ግን ውስጡ ባዶ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ማንሻውን ሁሉ አውጥቶ መስታወቱን በጣውላ ደግፎታል። የጃቭሊን ወዳጆች ለሚባሉት ሁሉ ጻፈች። አንዱ ከኔልሰን «ካገኘሽ ለእኔም ንገሪኝ» አላት። ሌላው ከእንግሊዝ አገር በፖስታ አንድ ዕቃ ላከላት፤ የሌላ መኪና ሆኖ ተገኘ። ኢንቨርካርጊል ያለው የቶርኖ ባለሙያ ደግሞ «ጤነኛ ናሙና አምጪልኝ እንጂ ከተሰበረማ ምኑን ልለካ?» አላት።

ስለዚህ ራሷ ሞከረች። በተሰበሩት ጥርሶች ቦታ ሰም ሞልታ፣ በትንሿ ቢላዋ ቀርጻ፣ በጀሶ ቀብራ፣ ሰሙን አቅልጣ አስወጥታ በምትኩ የቀለጠ ብረት ሞላችበት። ብረቱ የሰው ተነቃይ ጥርስ የሚታሰርበት ነው፤ ሞረድ እንኳ በግድ ነው የሚቧጥጠው። ስታየው ያምራል። መስኮቱን ለጥቂት ቀን አነሳ፤ ከዚያ ይንገጫገጭ፣ ይዘል ጀመር፤ በመጨረሻም መስታወቱ ተመልሶ ሰመጠ።

«በግምት የተሠራ ጥርስ አይነክስም» አለች። «ሙሉ ጥርስ ያላት አንዲት ማግኘት አለብኝ። ባገኛት ልኳን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ያለችበትን የነገረን ዳሪል ነው፤ ከየእርሻው ወተት የሚሰበስበውን ቦቴ የሚነዳ፣ ድሮ እኔ አውቶቡስ ስነዳ የማውቀው ሰው። ከቱአታፔሬ ወዲያ ኢዋን ጊልክሪስት የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ዘንድ፣ ከጥዶቹ ሥር አንዲት ጃቭሊን ቆማለች አለን።

«ግን ነዳጃችሁን አትጨርሱ» አለ። «ከክራይስትቸርች ድረስ መጥተው የለመኑት አሉ። በሩን እንኳ አልከፈተላቸውም። እኔ ስንት ዓመት ወተቱን ስወስድ 'ዝናብ ነው' ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልሰማሁበትም።»

ኖሊን እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ ይብስባታል። ሰኞ ዕለት በእኔ መኪና ሄድን። ቱአታፔሬ ስንደርስ ሥጋ ቤቱ ገብታ አንድ ጥቅል ቋሊማ ገዛች።

ሽማግሌው ከግቢው በር ወዲያ ቦት ጫማውን አድርጎ ቆሞ ጠበቀን። ረጅም ነው፤ ትከሻው ወደ ፊት ወድቋል። አጠገቡ የቆመችው ውሻ ከእሱ ይልቅ ፊቷ ይፈታል።

«ለመኪናዋ ከሆነ አትሸጥም» አለ፣ ገና ሰላም ሳንለው።

«ልገዛ አልመጣሁም፣ አቶ ጊልክሪስት» አለች ኖሊን።

«ዕቃም አይፈታባትም።»

«ዕቃም አልወስድም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለዎት?»

እኔ ወደ ውሻዋ ዞርኩ።

ሽማግሌው ትንሽ አሰበ። «የላዩ» አለ።

«ሲያሠሩ አፍዎ ውስጥ እንደ ሊጥ ያለ ነገር ከተው 'ይንከሱ' ብለውዎታል። አይደለም?»

«ብለውኛል። ያስጠላል።»

«ያስጠላል። ግን ድድዎን ይዘውብዎት አልሄዱም። ልክዎን ብቻ ወስደው ነው ጥርሱን የሠሩት። እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው። መኪናዋ በሯ ውስጥ አንዲት ፒኞን አለች። አወጣታለሁ፣ ሊጡ ውስጥ አስነክሳታለሁ፣ እዚሁ ፊትዎ መልሼ እገጥማታለሁ። ከግቢዎ የሚወጣው ሊጡ ብቻ ነው። ለመሆኑ ጥርሱን የት ነው ያሠሩት?»

«ኢንቨርካርጊል። ባቡር ጣቢያው አጠገብ።»

«እንግዲያው የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ምላሱን ላይኛው ጥርሱ ላይ ሲያዞር አየነው። «በግራ በኩል ትወዛወዛለች» አለ።

«ታዲያ አሁን ነው የሚነገረኝ?»

አልሳቀም። ግን የበሩን ሰንሰለት ፈታ። «ኢዋን በሉኝ» አለ ወደ ፊት እየመራን። «መኪናዋ የእኔ እንዳልሆነች እወቁ። የወንድሜ የሮብ ናት። እዚህ አቁሟት እስክመለስ እንዳትነኳት ብሎ ነው የሄደው።»

ጃቭሊኗ በጥዶቹ ሥር እስከ ጎማዋ ወገብ መሬት ገብታ ቆማለች። ጣሪያዋ የዛፍ ሽበት አብቅሏል። ፓራውልቷን ዝገት ጨርሶታል። የሹፌሩ መስኮት እስከ ግማሽ ክፍት ነው፤ ክፍቱን የመኖ ከረጢት ላስቲክ ሸፍኖታል። መኪናዋ ከተተወች አርባ ዓመት ያልፋታል፤ ላስቲኩና የታሰረበት ገመድ ግን አዲስ ነበሩ። አንድ ሰው እየቀየረ ያስረዋል ማለት ነው። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ኖሊን ተንበርክካ ገበሩን ቀስ ብላ ገለጠች። ካቻቢቴ ስጠኝ፣ ዘይት ስጠኝ እያለች እኔን ታዝዘኛለች። በመጨረሻ እጇን አስገብታ አንዲት ጥቁር ነገር አወጣች፤ በጨርቅ ጠርጋ ወደ ብርሃን ያዘቻት።

«ሠላሳ ሁለት ጥርሷ ሙሉ ነው» አለች።

ሮዝ ሊጧን አቡክታ በቆርቆሮ ሳህን ዘረጋች፣ ፒኞኗን ቀብራ እስኪደርቅ ያዘች። ኢዋን ጎንበስ ብሎ እንደ ሕፃን ያያል። ሊጡ ሲከፈት እያንዳንዷ ጥርስ ጥርት ብላ ታትማለች። ከዚያ ኖሊን ቃሏን ጠብቃ ፒኞኗን ግራሶ ቀብታ ቦታዋ መለሰቻት። ገበሩን ከመዝጋቷ በፊት ግን መስታወቱ የሚሄድበትን ቦይ ዝገቱን ፋቀችና ዘይት አንቆረቆረችበት።

«ማዞሪያዋ ትዞር ይሆን?» አለች።

«ሮብ ከሄደ ወዲህ ዞራ አታውቅም» አለ ኢዋን። «እሱ ከፍቶት ሄደ። ልዘጋው ብዬ ብሞክር እምቢ አለኝ። እንዳይሰበር ፈርቼ ተውኩት።»

«ና፣ አንተ አዙረው።»

እጁን ወደ ውስጥ አስገብቶ ማዞሪያውን ያዘ። እኔ መስታወቱን ከውጭም ከውስጥም በመዳፌ ደግፌ ወደ ላይ ገፋሁ። መጀመሪያ ምንም አልሆነ። ቀጥሎ አንድ የሚያንቋርር ድምፅ ወጣ፤ ቆመ፤ እንደገና ወጣ። መስታወቱ ጭቃውን እየገፋ፣ አንድ ጣት፣ ከዚያ አንድ ስንዝር እያለ ወጣና ላይኛው ክፈፍ ውስጥ ገባ።

ኢዋን ላስቲኩን ከነገመዱ ፈታው። አራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። የተዘጋውን መስኮት በደንብ አየው።

«ሮብ ሞቷል» አለ።

ኖሊን የያዘችውን ካቻቢቴ መሬት አስቀመጠች።

«ባሕር ማዶ፣ ፍሪማንትል ነው የሞተው። ሚስቱ ደውላ ነገረችኝ፤ ቆየ። ለሚመጣው ሁሉ ግን ይመለሳል እላለሁ። ሞቷል ካልኩማ ወዲያው ዋጋ ሊነግሩኝ ነው።»

«ተጣልታችሁ ነበር?» አልኩት። ኖሊን በክርኗ ወጋችኝ።

«ሰው ሁሉ ተጣልተው ነው ይላል። ምንም አልተጣላንም። መርከብ ላይ ሥራ አገኘ፣ ሄደ፣ እዚያ ተመቸው፣ ቀረ። እሱ ደብዳቤ አይሆንለትም፤ እኔም አይሆንልኝም። በገና በገና ይደውል ነበር፤ ሁለታችንም ስለ ዝናብ እናወራና እንዘጋለን።» መስታወቱን በመዳፉ ጠረግ አደረገና፣ «መኪናዋስ እንዴት ናት ይለኛል መጨረሻ ላይ። አለች እለዋለሁ» አለ።

ኖሊን እጇን ጨርቁ ላይ ጠረገች። «ኢዋን፣ ቋሊማ ይዘናል። መጥበሻ አለህ?»

መጥበሻ ነበረው። ምሳችንን ወጥ ቤቱ ውስጥ በላን። ስንወጣ ኖሊን «ጥርስህን በሚቀጥለው ይዘህልኝ ትጠብቃለህ፤ አስተካክልልሃለሁ» አለችው። «በአፌ ነው የምጠብቅሽ» አላት።

ቤቷ ስትመለስ ሊጡን ይዛ በሯን ዘግታ ተቀመጠች። የመጀመሪያዋ ፒኞን አንዷ ጥርሷ ውስጥ አየር ገብቶ ቀዳዳ ሆና ወጣች፤ ጣለቻት። ሁለተኛዋን ጠርታኝ አሳየችኝ። የሰው ጥርስ በሚሰጥበት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ጥጥ ላይ አስቀምጣታለች። ስንገጥማት ማዞሪያው በሁለት ጣት ዞረ፤ መስታወቱ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ኖሊን ያለ ምንም ምክንያት ብዙ ጊዜ አወጣችው፣ አወረደችው። ከዚያ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ዕቃ የምትፈልግ መሰለች፤ እኔም ቡና ላፍላ ብዬ ወጣሁላት። ለኔልሰኑ ሰውዬም አንዲት ፒኞን ሠርታ ላከችለት።

በሳምንቱ በጃቭሊኗ ኢዋን ጋ ሄድን። የሞተሯን ድምፅ ሲሰማ ከጋጣው ሮጦ ወጣ፤ በእሱ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ። ሳይጠየቅ ገብቶ ተቀመጠ። እስከ ባሕሩ ዳር ወሰድነው። ባሕሩ ጋ ስንቆም «ሮብ ከዚህ በላይ ነበር የሚነዳት» አለ።

«ፍጠኚ ማለትህ ነው?» አለች ኖሊን።

«ማለቴ ነው።»

ስንመለስ ፈጠነች። እኔ ከኋላ ወንበር የበሩን እጀታ ጨብጬ ተቀመጥኩ።

ክረምቱ ሲቃረብ ኢዋን ደወለልን። ስልኩ ውስጥ ብዙ ካመነታ በኋላ፣ የሮብን መኪና ጣሪያ ሥር ላስገባት ብዬ ነበር፣ ብቻዬን ግን አይሆንልኝም አለ። ዳሪልንም ይዘን ሄድን። የጥዱ ሥር በፊተኛው ጎማ ዙሪያ አድጎ እንደ ቡጢ ጨብጧታል፤ በመጋዝ ቆርጠን አላቀቅናት። ትራክተሩ ሲስባት ጮኸች፣ ተንገጫገጨች፣ ግን አልተገነጠለችም። ከድሮው የበግ መሸለቻ ቤት ዶሮዎቹን አባረን ስናስገባት ግማሽ ሜትር ያህል ውጭ ተረፈችና በሩ አልዘጋ አለ።

ዳሪል «ፓራውልቷን ብንፈታውስ?» አለ።

«ከእሷ ምንም አይፈታም» አለ ኢዋን። መጋዙን አንስቶ ዞረና የኋላውን ግድግዳ ቀደደው። አሁን አፍንጫዋ በቀዳዳው ወደ ሜዳው ብቅ ብሏል፤ በጎቹ ይታከኩበታል።

ወሬው ከኔልሰን ተነስቶ የአገራችንን ሁለት ደሴቶች ዞረ። አሁን ሰዎች ለኖሊን ይደውላሉ፤ እሷ ሊጧን ይዛ ኢዋን ጋ ታገኛቸዋለች። የፍሬቻ ክንድ፣ የመሪ ቁልፍ ክዳን፣ የበር ምላስ፤ እያንዳንዱ ይወጣል፣ ልኩ ይወሰዳል፣ ይመለሳል። የኢዋን ጥርስም ተስተካክሎለታል፤ አሁን ትንሽ ይጠብቃል ይላል፣ ኖሊን ልትሰማው አልፈለገችም።

ባለፈው ሳምንት ከኦማሩ ባልና ሚስት መጥተው ነበር። ኖሊን እየሠራች ሳለ ኢዋን ስለ ወንድሙ ያወራላቸዋል፤ ወንዙ ውስጥ እንዴት መኪናዋን ይዞ እንደገባ፣ እናታቸው እንዴት እንዳባረረችው። ሚስቲቱ እስክትፈርስ ሳቀች።

ባልየው መጨረሻ ላይ አላስቻለውም። «አይሸጧትም እንግዲህ?» አለ።

«አልሸጣትም» አለ ኢዋን። ከዚያ የሹፌሩን በር ከፍቶ ያዘለት። «ግን ግባ፣ ተቀመጥባት።»